ለእህቴ የመረጥኳት ረጅሟ ብስክሌት

ደባርቅ ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት እኔን ፈልጎ ይመጣ ነበር። በሰሜን ተራሮች ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጨነቅ ለሚወጣ እንግዳ በቅሎ ሳከራይ ሠላሳ ዓመት ስላለፈኝ፣ አንዲት በቅሎ ገና ከሩቅ ስትመጣ አይቼ ዳገት ላይ ትለግም እንደሆነ፣ ጭነት ትጥል እንደሆነ፣ ከሴት ጋር ትስማማ እንደሆነ እናገራለሁ። ሰው ያምነኛል። እኔም ራሴን አምናለሁ፤ ያውም ከእኔ ወዲያ ላሳር እስከማለት። ቁጣዬ ቶሎ የሚመጣ ስለሆነ ስሳሳት ደፍሮ የሚነግረኝ ብዙ አልነበረም። ይህን የምጽፈው አንድ ጊዜ ደፍረው የነገሩኝን ሁለት ሴቶች ስላልሰማሁ ነው።

አንደኛዋ እህቴ ናት። አባታችንና እናታችን ተከታትለው ሲሞቱ እሷ የወተት ጥርሷን ገና አልነቀለችም፤ እኔ ደግሞ ትዳር የያዝኩ ሰው ነበርኩ። እኔ ቤት አደገች። ወንድምዓለም ትለኛለች፣ አንቱ ትለኛለች። ስቆጣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ታዳምጠኛለች፤ ስጨርስ "እሺ" ትላለች። ባለቤቴ "ይቺን ልጅ ባታስፈራራት ምናለ" ስትለኝ፣ "ጨዋ ስለሆነች ነው እንጂ ማን አስፈራራት" እላት ነበር።

እህቴ አድጋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆነች። የተመደበችበት ጤና ኬላ ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው አስፋልት ጥቂት ተሂዶ፣ በጠጠር መንገድ ታጥፎ የሚገባበት ቀበሌ ውስጥ ነው። ኬላው ማደሪያ ስለሌለው ጠዋት ሄዳ ማታ ትመለሳለች፤ በእግር ሁለት ሰዓት ግድም ይፈጃል። መጀመሪያ የሄደች ጊዜ እናቶቹ ልጆቻቸውን ከጎተራ ኋላ ይደብቁባት ነበር። መርፌ ይዛ የመጣች የከተማ ልጅ ማን ያምናል? እሷ ግን አልከፋትም። ባዶ እጇን እየሄደች ደጃፋቸው ላይ ትቀመጣለች፣ ምስር አብራ ትለቅማለች፣ የሕፃኑን የክርስትና ስም ጠይቃ ትይዛለች። ዓመት ዓመትን ሲተካ በሩ ሁሉ ተከፈተላት። ምጥ ሲይዛቸው ከአማታቸው በፊት እሷን የሚያስጠሩ ነበሩ። "እናቶቼ" ትላቸዋለች፣ በዕድሜ ከእሷ የሚያንሱትን ሳይቀር። የእህቴ ሀብት ያ ነበር፤ በዚያ ቀበሌ ውስጥ የሚታመን ስም።

ከዚያ ጉልበቷን ይቆረጥማት ጀመር። ነዳጅ ሲጠፋ ባጃጁም ወደዚያ መመላለሱን ተወ። ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ተሸክማ ስትሄድ በረዶው መንገድ ላይ ይሟሟል። አንድ ቀን ለባለቤቴ "ወደ ቢሮ አዛውሩኝ ልበል ይሆን?" ስትል ሰማኋት። ያን ሰሞን መናኸሪያው አጠገብ የሶላርና የባትሪ ዕቃ የምትሸጥ ሴት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከጎንደር አስመጥታ ነበር። እህቴ ልጅ ሳለች በኪራይ ብስክሌት ደባርቅ ሜዳ ላይ ተምራለች። አንዲት በቅሎዬን ሸጥኩና "ተነሽ፣ ብስክሌት ልመርጥልሽ ነው" አልኳት። ልመርጥልሽ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምረጪ አላልኳትም።

ሱቁ በር ላይ ሦስት ብስክሌቶች ቆመዋል። አንዷ አግዳሚ ብረቷ ቀጥ ያለ የወንድ ናት። እህቴ ረጅም ቀሚስ እንጂ ሱሪ አትለብስም፤ በሥራዋ የካህናት ቤትም፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢም ትገባለች። ስለዚህ እሷን ተውናት። የቀሩት ሁለቱ ብረታቸው ወደ ታች የጎበጠ፣ እግር ከፍ ሳይደረግ በመሃል ተላልፎ የሚቀመጡባቸው የሴት ብስክሌቶች ናቸው። አንዷ ዝቅ ያለች፣ ጎማዋም አነስ ያለ ነው። ሌላዋ ጎማዋ ትልቅ፣ መሪዋ ከፍ ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም የተቀባች፤ ዓይን ትስባለች።

ባለሱቋ ራሷ በብስክሌት የምትመላለስ ወጣት ናት። እህቴን ዝቅ ባለችው ላይ አስቀመጠቻት። ሁለቱም እግሮቿ ከነተረከዛቸው መሬት ላይ አረፉ። መሪውን ስትይዝ ክንዷ አልተወጠረም፤ ጉልበቷም መሪውን አልነካም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከሱቁ ፊት አንድ ዙር ዞረችና ፍሬን ይዛ፣ እግሯን ጣል አድርጋ ቆመች። ፊቷ ሲፈካ አየሁ።

"ይቺ ትሆነኛለች፣ ወንድምዓለም" አለችኝ።

እኔ ሳቅኩ።

የሳቅኩበትን ምክንያት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ የሚውለው እርካብ ላይ ነው። እግሩ መሬት ሊነካ ከደረሰ የተቀመጠው አህያ ላይ ነው ማለት ነው፤ ያየው ሁሉ ይሳለቅበታል። ለሙሽራም ሆነ ለተከበረች ሴት የሚመረጠው ጀርባዋ ደረት የሚደርስ በቅሎ ነው። እኔም ዕድሜዬን በሙሉ በቅሎ የለካሁት ከደረቴ ጋር እያስጠጋሁ ነው። እህቴን በዚያች ዝቅ ባለች ብስክሌት ላይ ሳያት የታየኝ አህያ ብቻ ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ ይቺ እኮ አህያ ናት!" አልኳት። "እግርሽን መሬት ለመሬት እየጎተትሽ ልትሄጂ ነው? የእሱ እህት አህያ ላይ ታየች ልታስብይኝ ነው?"

መናኸሪያ አጠገብ ሥራ ፈቶ የቆመ አይጠፋም፤ ሁሉም ሳቀ። እህቴ ቀስ ብላ ወረደች።

ትልቋን ይዤ እንደ በቅሎ መረመርኳት። ኮርቻዋን በመዳፌ ተጫንኩ፣ ጎማዋን አሽከረከርኩ፣ ጎኔ አቆምኳት። መሪዋ ደረቴ ጋ ደረሰ። "ይቺ ናት!" አልኩ። እህቴ ስትቀመጥባት፣ ያውም ብስክሌቷን ወደ ጎን አጋድላ፣ የአንድ እግሯ ጣት ብቻ መሬት ነካ። ባለሱቋ መፍቻ አምጥታ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገችው። ያው ነው።

"ጋሼ፣ ይቺ ለእህትዎ ትረዝማለች" አለችኝ። "ስትቆም ሁለቱም እግሯ መሬት መያዝ አለበት። በተለይ ከኋላዋ ጭነት ካለ፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ። ባትሪዋ ራሱ ከባድ ነው፤ አንዴ ካጋደለች በጣት አትመለስም።"

"አንቺ የትናንት ልጅ፣ እኔን ነው ስለ ኮርቻ የምታስተምሪኝ?" አልኳት።

"ግዴለም፣ ይውሰዷት። ካልተስማማቻት ይመልሱልኝ፤ ትንሿን አቆይልዎታለሁ።"

ወደ እህቴ ዞሬ "ትለምጃታለሽ" አልኳት። እህቴ ዝቅ ያለችውን አንዴ አየት አደረገቻትና "እርስዎ ካሉ" አለች። ነገሩ በዚህ አለቀ። በቅሎ አራት እግር እንዳላት፣ ብስክሌት ግን ከተቀመጠባት ሰው እግር በቀር የምትቆምበት እግር እንደሌላት ለማሰብ ያን ቀን አንዲት ደቂቃ አላጠፋሁም።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በደስታ ክንፍ አወጣሁ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ እሸኛታለሁ። ከደጃችን መደብ ላይ ሆና ትቀመጥባታለች። የክትባቱን ሳጥን ከኋላ ጭና፣ ነጠላዋን አጣፍታ ስትሄድ ከጎረቤት አጥር በላይ ትታያለች። "እመቤት አልመሰለችም?" እላለሁ ላገኘሁት ሁሉ። የሁለት ሰዓቱ መንገድ ከግማሽ ሰዓት ብዙም የማያልፍ ሆነ። በረዶው መሟሟቱን ተወ፤ ጉልበቷም ተሻላት። ባለሱቋ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታኝ "እግሯ ደረሰላት?" ብትለኝ፣ "እርካብ ስሪላት እንጂ ለእግሯስ አታስቢ" ብዬ ቀልጄባት አለፍኩ። እህቴን ማታ ስትመለስ "እንዴት ናት?" እላታለሁ። "ደኅና ናት፣ እግዜር ይስጥልኝ" ትለኛለች። ከዚያ ወዲያ ጠይቄያት አላውቅም።

በእኛ አገር ሌላም ወግ አለ። በቅሎ ላይ ያለ ሰው መንገድ ላይ ሽማግሌ ወይም ካህን ሲያገኝ ይወርዳል። ወርዶ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፣ መስቀል ይሳለማል፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል። እህቴ በእግሯ በምትሄድበት ዘመን ያገኘችውን ሳትጠይቅ ያለፈችበት ቀን አልነበረም። የተወደደችውም ግማሹ በዚህ ነው። አሁን ግን ብስክሌቷ ላይ እንዳለች አንገቷን ሰበር አድርጋ "እንደምን ዋላችሁ" እያለች ማለፍ ጀመረች። መንገድ ዳር ካለ ቤት አንዷ ብቅ ብላ "ነይ እስቲ፣ ይቺን ልጅ እያት" ብትላት፣ "ስመለስ በእግሬ እመጣለሁ" ትላለች። ብስክሌቷን ኬላው በር ላይ አቁማ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ተመልሳ የምትመጣበት ጊዜ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ሁልጊዜ ግን ጊዜ አይኖራትም።

ወሬው ቀስ እያለ መጣ። ብስክሌት ከያዘች ወዲህ ከፍ ከፍ አለች አሉ። ደጃችን ጠበባት አሉ። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ለክትባት ሳያመጡ ቀሩ፤ እቤታቸው ስትሄድም "ልጁ ተኝቷል" ብለው መለሷት። እህቴ ያን ቀን ለባለቤቴ ስትነግራት አልቅሳለች። ባለቤቴ ለእኔ ስትነግረኝ "ሰው ምቀኛ ነው፣ ተያት" አልኩ።

አንድ ቅዳሜ የዚያ ቀበሌ ሽማግሌ ቄስ ደባርቅ ገበያ ላይ አገኙኝ። የአብዛኛው ቤት የነፍስ አባት ናቸው። መስቀላቸውን ተሳልሜ ቀና ስል፣ "ልጄ፣ እኅትህ ደኅና ናት ወይ?" አሉኝ ረጋ ብለው።

"ደኅና ናት፣ አባ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንዲያው ባለፈው መንገድ ላይ አገኘኋትና፣ ከዚያ ከላይ ሆና 'ይፍቱኝ አባ' ብላኝ አለፈች። እኔስ ይፍታሽ ብያታለሁ፤ አልተቀየምኩም። ነገር ግን ሕዝቡ ያያል፣ ልጄ። ሕዝቡ ያያል።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደሜ ፈልቶ ቤት ስደርስ እህቴ በር ላይ ቆማ ከጎረቤት ጋር ታወራ ነበር። እዚያው ጮህኩባት። "ካህን ቆሞ አንቺ ተቀምጠሽ? እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ ያሳደግኩሽ? ሁለተኛ ሽማግሌ አይተሽ ሳትወርጂ ብታልፊ ያቺን ብስክሌት በመጥረቢያ ነው የምከትፋት!"

"ወንድምዓለም፣ እኔ እኮ..." አለች።

"ዝም በይ!"

ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። "አጥፍቻለሁ" አለች። ልትነግረኝ አፏን የከፈተችው ያን ጊዜ ነበር። ለአንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ ታግሼ ቢሆን ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሳምንት አልሞላም። የሚቀጥለውን ያዩት ናቸው የነገሩኝ፤ እኔ አልነበርኩም። እህቴ በጠጠሩ መንገድ ላይ ካለው ድልድይ ወዲያ ቁልቁለቱን ስትወርድ ቄሱ ከሁለት ሴቶች ጋር ሽቅብ ይመጣሉ። ስታያቸው ፍሬን ያዘች። ነጠላዋን አስተካክላ ልትወርድ እግሯን ወደ ገደሉ በኩል ሰደደች። ያ እግር መሬት ፈለገ፤ መሬቱ ግን ዝቅ ያለ ነበር። ብስክሌቷ ከነሳጥኑ አጋደለችና እላይዋ ላይ ወደቀች። ቄሱ በዚያ ዕድሜያቸው ሮጠው ነው የደረሱላት። ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር።

ደባርቅ ጤና ጣቢያ ስደርስ ወደ ጎንደር የሚወስዳት መኪና ይጠበቃል። አንዲት ባልደረባዋ ነርስ እጇን ይዛ "እዚያ ቁልቁለት ላይ ምን ልትሆኚ ቆምሽ?" ትላታለች።

"እዚያ ድንጋይ የለም" አለች እህቴ። ሕመሙ ዓይኗን አስከድኗታል።

"የምን ድንጋይ?" አልኩ እኔ።

መምጣቴን ያወቀች አልመሰለኝም። "የምወርድበት" አለች። "መታጠፊያው ላይ አንድ ድንጋይ አለ። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ አለ። ቀጥሎ የድልድዩ ጠርዝ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ኬላው በር ድረስ ምንም የለም። እዚያ መውረድ አልችልም።"

ነርሷ ወደ እኔ ዞራ "እግሯ መሬት አይደርስም እንዴ?" አለችኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳትወርድ አልፋ እንደማታውቅ ሰምቼ "የእኔ እህት መንፈሳዊ ናት" እያልኩ ስኩራራ ነበር የከረምኩት።

ጎንደር ተኝታ ሳለች አንድ ቀን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። "ሱቁ በር ላይ ነግሬዎት ነበር እኮ" አለችኝ። ልትወቅሰኝ ብላ አይደለም፤ ስለጠየቅኳት ብቻ የመለሰችልኝ ነው። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ብስክሌቷን ወደ ባለሱቋ መልሼ ስወስድም እንዲሁ ሆነ። ብዬዎት አልነበር ብላ ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ሄጄ፣ ልጅቱ የተጣመመውን መሪ አየች፣ ጨርቅ አንስታ አቧራውን ጠረገች፣ "እግዜር ይማራት" አለች፣ አበቃ።

ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገዋል፤ ዳሌዋ ገጥሟል። አንዱ እግሯ ግን አጥሮ ቀረ። በምርኩዝ እቤት ውስጥ ትንቀሳቀሳለች፣ ረጅም መንገድና ዳገት ግን አይሆንላትም ተባለ። ደባርቅ ቢሮ ውስጥ ወንበር ሰጧት። ሌሎች ከየቀበሌው የሚልኩትን ሪፖርት እያየች መዝገብ ትሞላለች። ከወረቀቱ ላይ የአንድ ሕፃን ስም ስታውቅ "ይሄ የእገሊት ልጅ ነው፣ ስድስት ወር ሞላው ማለት ነው" ትላለች ለራሷ።

ቢሮ ከመግባቷ በፊት፣ ገና ቤት ተኝታ ሳለች የዚያ ቀበሌ ሴቶች ሊጠይቋት መጡ። ስድስት ሆነው፣ እንቁላልና ቅቤ ይዘው፣ በእግራቸው። ቄሱም ከፊት አሉ። "እግዜር ይማርሽ" ብለው ዙሪያዋን ተቀመጡ። ከዚያ ትልቅየዋ፣ አራት የልጅ ልጆቿን እህቴ ያስከተበችላት ሴት፣ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ማልቀስ ጀመረች።

"ልጄ፣ ይቅር በይን" አለች። "አምተንሻል። ኮራችብን፣ ከፍ ከፍ አለች ብለን ብዙ አውርተናል። አንቺ እንደዚያ አልነበርሽም፤ ምን እንደነካሽ ግራ ገባን።"

እኔ ጓዳው በር ላይ ለቄሱ የሚሆን ወንበር ይዤ ቆሜያለሁ። እህቴ ወደ እኔ አላየችም። ብርድ ልብሷን እያስተካከለች፣ "እውነታችሁን ነው፣ እናቴ" አለች። "ኩራት ይዞኝ ነበር። እግዚአብሔር ነው የቀጣኝ። እናንተ ናችሁ ይቅር የምትሉኝ።"

የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እግሯ አይደርስም ነበር፣ ረጅሟን የመረጥኩት እኔ ነኝ ማለት። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቷል። ቄሱ ወደ እኔ ቀና ብለው ሲያዩኝ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በቅሎ ለክቶ የማይሳሳት የተባልኩት ሰውዬ፣ ወንበሩን አስቀመጥኩና "ይቀመጡ አባ" አልኩ። ሴቶቹ ይቅር አሏት፣ ቄሱ ጸሎት አድርገውላት ሄዱ።

ቀን ሲያልፍ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ቆየሁ። በኋላ ማን ያነሳዋል፣ ተረስቷል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ባለፈው ዳባት አንዲት በቅሎ ለማየት ሄጄ ሻይ ቤት ቁጭ ባልኩበት፣ የማላውቀው ሰው ለጎኑ ሰው የአንዲት የጤና ሠራተኛ ወሬ ያወራል። ብስክሌት ገዝታ፣ ለካህን አልወርድም ብላ፣ በኩራቷ ወድቃ እንደተሰበረች ሁሉን አሳምሮ ተረከው። ሲጨርስ ወደ እኔም ዞሮ "አይ የዛሬ ሴት! አይደል እንዴ አባቴ?" አለኝ። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩለት።